እጄ እስኪከፈት ጠብቁኝ

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልነግራችሁ ፈልጌ ዛሬ ማይኩን ለምኜ ነው የያዝኩት። «ለምኜ» ስል ቀልዴን አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ባለፈው ጊዜ ማይክ ሲሰጡኝ ምን እንደተናገርኩ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ለማታስታውሱት እመጣበታለሁ። ዛሬም የፈቀዱልኝ በጽሑፍ አድርጌ እንዳመጣና አንብቤ እንድወርድ ቃል አስገብተውኝ ነው። ወረቀቱ ይኸው። በግራ እጄ የተጻፈ ስለሆነ የራሴን ጽሕፈት ለማንበብ ብደናቀፍ ታገሡኝ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አሜን ለማለት አትቸኩሉ። የት ጋ እንደሚባል እኔው እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጌታቸው እባላለሁ። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የምናነሳባትና አሮጌ መጻሕፍት የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ከዚያ በፊት መምህር ነበርኩ። ያነበብኩትን እየቆነጠርኩም ጋዜጣና መጽሔት ላይ መጣጥፍ እጽፍ ነበር። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሲገኝ ተቃራኒውን መጻፍ ልማዴ ነው። ዝናቡ ጥሩ ነው ከተባለ ስለ ጭቃው እጽፋለሁ።

ባለቤቴ አስቴር የዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። እኔ እሑድ እሑድ እስከ በሩ እሸኛትና ከመንገዱ ማዶ ያለው ካፌ ቁጭ ብዬ እስክትወጡ አነብ ነበር። ድምፃችሁ እዚያ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስለ ፈውስ ጉባኤ አንድ መጣጥፍ ጻፍኩ። አንዳንዶቻችሁ አንብባችሁ ተቆጥታችኋል። የጠየቅኩት ይህን ነበር፦ የተፈወሰ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ይመሰክራል፤ ዓመት ቆይቶ መጥቶ «ይህ ድኗል፣ ይህ ደግሞ አልዳነም፣ እኔ ግን እዚህ አለሁ» የሚል ሰው ለምን አልሰማሁም? ያን ጽሑፍ ዛሬም አልክደውም። ጥያቄው ትክክል ነበር። እግዚአብሔርም ትክክል መስሎታል መሰለኝ፣ መልሱን እንዲሰጥ እኔኑ መረጠ።

ነገሩ የጀመረው ከአጋሮ ስመለስ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መጻሕፍታቸውን እንደሚሸጡ ሰምቼ ሄጄ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ መጻሕፍቱን በፌስታል ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ ቀኝ እጄን ወደ ኪሴ ላክሁት፤ አልሄደም። «አንድ ጊዜ» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ረዳቱ ፊቴን አየና ሳቀ። «ጋሼ ምርቃና ላይ ናቸው፤ ሲወርዱ ይከፍላሉ» አለ። ተሳፋሪውም ሳቀ።

አገራችንን ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ አፉን ከፍቶ በመስኮት የሚያይ ሰው ጫት ቅሟል እንጂ ታሟል ተብሎ አይጠረጠርም። እኔ ደግሞ ጫት ቀምሼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ይቅማል። ያዳነችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ናት። መጻሕፍቱ ከጭኔ ተንሸራትተው ሲወድቁ ላነሳቸው እንዳልሞከርኩ አየች። ይሄ ሰውዬ አልቃመም፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ወርዷል ብላ ሾፌሩ ላይ ጮኸችበት። ሾፌሩም ማንንም ሳያወርድ በቀጥታ ሆስፒታል ይዞኝ ገባ። መንገዳቸው ከተበላሸባቸው ተሳፋሪዎች አንድም ሰው አላጉረመረመም ሲባል ሰምቻለሁ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ስለ እነሱ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ጋ አሜን ማለት ይቻላል።

ስትሮክ ነው አሉ። ሐኪሙ ሕይወቴ መትረፉን ለአስቴር ነገራት። እግሬ ቀስ በቀስ መታዘዝ ጀመረ። አንደበቴም ተመለሰ፤ በዚህ ያዘነ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ቀኝ እጄ ግን ከትከሻዬ ላይ የተንጠለጠለ የሌላ ሰው ዕቃ ሆነ።

በገባሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት መጣች። ጫልቱ ትባላለች፣ የሸቤ ልጅ ናት፣ የሌላ አጥቢያ አማኝ ናት። ሁለት ነገር ብቻ አዘዘችኝ። መጀመሪያ ክንዴን ወደ ጎን እንዳነሳ ጠየቀችኝ። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ ክንዴም ከአልጋው ትንሽ ለቀቀ። ቀጥላ «ጣቶችዎን ይዘርጉልኝ» አለች። በሙሉ ልቤ ዘረጋሁ፤ ከልቤ በቀር የተዘረጋ ነገር አልነበረም። ከእጅ አንጓዬ በላይ ሁለት ጣቶቿን አሳርፋ «እንደገና» አለችኝ። ከቆዳዬ ሥር አንዳች ጡንቻ ይነሳ እንደሆነ እየጠበቀች ብዙ ቆየች። ከዚያም አመስግናኝ፣ አስቴርን በዓይኗ ጠርታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የተባለውን የሰማሁት ኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣቱን ትንሽም ቢሆን መዘርጋት የሚችል ሰውና ጨርሶ የማይችል ሰው ኋላ ላይ እጃቸው አንድ ቦታ እንደማይደርስ ጫልቱ ለአስቴር አስረዳቻት። የእኔ ትከሻ ተስፋ አለው፤ ጣቶቼ ግን ያስጠረጥራሉ። አስቴር አልቅሳ ለእሱ እንዳትነግሪው ብላ ለመነቻት። እኛ ዘንድ ስለ በሽታው ከሁሉም ኋላ የሚሰማው በሽተኛው ነው። ጫልቱም ሄጄ አልነግራቸውም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ስሜን ሰምተው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጡ። ሁሉም ምንም አትሆንም፣ በቅርቡ ትጽፋለህ ይለኛል። እጅ የሚል ቃል ያለበት ጥቅስ ሁሉ ተነበበልኝ። ከዚህ ቤት አንድ ወንድም፣ አሁንም እዚህ ተቀምጧል፣ እወደዋለሁ፣ ወሩ ሳይወጣ ብዕር እንደምይዝ እንደተገለጠለት ነገረኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰዎች ሲስማሙ ስጠራጠር የኖርኩ ነኝ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያጽናናኝ እጄ እንዳበቃለት ገባኝ።

ስለዚህ ጫልቱ ስትመጣ አስቴር ውኃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠበቅኩና ጠየቅኳት።

«ጫልቱ፣ ይህ እጅ ይጽፋል?»

ሥራዋን አቁማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ ቆመው ነበር የሚያወሩኝ።

«አይመስለኝም፣ ጋሽ ጌታቸው» አለች። «ትከሻዎ ይመለሳል ብዬ እጠብቃለሁ። ክርንዎም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጣቶችዎ መጨበጥ ይችሉ ይሆናል፤ መከፈት ግን ይከብዳቸዋል። ቁልፍ መቆለፍ፣ መጻፍ፣ ያን አልጠብቅም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እንደ እርስዎ የጀመሩ ብዙ ሰዎች የት እንደደረሱ ታይቶ ነው። ስለ እርስዎ ለብቻዎ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ብሳሳትም ደስ ይለኛል።»

«አማኝ ነሽ አይደል? እግዚአብሔር ያውቃል ብለሽ ለምን አታልፊኝም?»

«እሱማ ያውቃል» አለች። «እርስዎ ግን የጠየቁት እኔን ነው።»

ወገኖቼ፣ ስንት ስብከት በካፌው መስኮት ገብቶልኛል፤ አንዱም ከጆሮዬ አላለፈም። ይህ አለፈ። አንድ አማኝ እግዚአብሔርን መሸሸጊያ ሳያደርገው ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋልኩ። አዝኜ ነበር፤ ግን ውሸት የሌለበት ሐዘን ነበር፣ እንደዚያ ያለው ደግሞ ቢያንስ ያስተኛል። አሜን እንዳትሉ፣ ገና ነው።

ወደ ቤት ስገባ እጄን ጠላሁት። ጋቢ ስለብስ እሸፍነዋለሁ፤ ጃኬት ስለብስ አስቴር ኪሴ ውስጥ ትከትልኛለች። ጠያቂ ሲመጣ ግራዬን እዘረጋለሁ፤ ሰውም ቅር ሳይለው ይቀበለኛል። ውኃ ያጠጡኛል፣ እያጎረሱ ያበሉኛል፣ ዕቃ ወደ ግራዬ ያቀርቡልኛል። ሁሉም ከልቡ ደግ ሆኖ ያን እጅ እንድረሳው አገዘኝ። ጫልቱ ለልምምድ ስሄድ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች። እጁን ካልሠሩበት ጭንቅላትዎም ይተወዋል ትለኛለች። እሺ ብዬ ባጃጅ ይዤ እመለስና ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

እጄን ለመርሳት እምቢ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጎረቤታችን አባ ቢያ፣ በቡና ንግድ ያረጁ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። የጅማን ሽማግሌዎች ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ቀኝ በቀኝ ተያይዞ አንዱ የሌላውን እጅ ወደ ከንፈሩ ይስባል፤ ማን ቀድሞ ይሳም በሚል ትንሽ ግብ ግብም አለበት። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግሥት አባ ቢያ በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ፣ መምህር» ብለው እንዴት አደርክ ሲሉኝ ግራዬን ዘረጋሁላቸው። አዩት እንጂ አልያዙትም።

«እሱን አስቀምጠው» አሉኝ። «እኔ የቀኙ ጎረቤት ነኝ።»

«ቀኙማ ሞቷል፣ አባ ቢያ።»

«ኢና ሊላህ። መቼ ቀበራችሁት? እኔ ሳልጠራ?»

ከዚያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ሰላም ብለውኝ ሄዱ። በማግሥቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው። ተናደድኩ። አስቴር ሽማግሌው ርኅራኄ የላቸውም ስትል እኔም አዎ አልኩ። እኔና አስቴር በአንድ ነገር የተስማማንበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ልጠራጠር ይገባኝ ነበር።

ጫልቱ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ለአፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን ምን ብላ እንደምትጸልይ ጠየቅኳት፤ ትንበያሽ እንዲሳሳት ነው ወይ አልኳት። ሳቀች። «አንዳንዴ እሱንም» አለች። «አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ እጅ ባይመለስም የእርስዎ እንዲሆን ነው። አሁን የማንም አይደለም።»

ያንን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ክረምት ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት አስቴር ገበያ ወጥታ ብቻዬን ነኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቀኝ እጄን በግራዬ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ተመለከትኩት። አስቴር ጥፍሮቹን ቆርጣልኛለች። አውራ ጣቱን ውስጡ ቀብሮ ተጨብጧል። የሰፈር ልጅ ሲመቱት እንደሚኮራመተው ያለ ነገር ነበር፤ የመታው ደግሞ እኔ።

«ጌታ ሆይ» አልኩ። ማንም ባይሰማኝም አፈርኩ። «ይህን እጅ አድንልኝ ብዬ አልደራደርህም። የተነገረኝን ሰምቻለሁ። ቢድን አልጠላም። ካሁን ወዲያ ግን አልደብቀውም። እኔንም እንዲሁ ተቀበለኝ፣ ግማሼ የማይታዘዝ እንደሆንኩ። እውነቱን ነግሮኝ ከአጠገቤ ያልሸሸ ሰው ልከህልኛል። አንተም እንደዚያ ከሆንክ አምንሃለሁ።»

ብርሃን አላየሁም። ሙቀት አልተሰማኝም። ጣቶቼ አልተንቀሳቀሱም፣ ዝናቡም አላባራም። ግን ከሚኒባሱ ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ፍርሃት እዚያ አልነበረም። መጽሐፍ ያበዛ ሰው «ሰላም» የሚለውን ቃል ሳይሽኮረመም አይጠቀምበትም፤ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። የዳንኩት ያኔ ነው፣ እጄ ቡጢ እንደሆነ። ስሙ የተባረከ ይሁን። አሜን ለማለት ስትጠብቁ ከነበረ፣ ቦታው እዚህ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ አጥሩ ጋ ቆምኩ። አባ ቢያ ሲመጡ ቀኜን በግራዬ ደግፌ አቀረብኩላቸው። ያዙት፣ ሳሙት፤ እኔም የሳቸውን ሳምኩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጄ የሳቸውን እጅ ጨብጦ አልለቅም አለ። ለካ መያዙ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መልቀቁ ላይ ነው። አስቴር እንዲህ ሲሆን ጣቶቼን አንድ በአንድ በኃይል ትፈለቅቃቸዋለች፤ በተጎተቱ ቁጥር ደግሞ ይብስባቸዋል። አባ ቢያ አልሳቡም። «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፣ ቀስ በል፣ ወዴትም አልሄድም። እጃቸው እጄ ውስጥ እንደታሰረ ስለ ክረምቱ፣ ሊሙ ስላለው የልጃቸው የቡና ማሳ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩኝ። ቆይተው ጣቶቼ እንደሰለቸው ሰው ላላ ሲሉ እጃቸውን አነሱ። «አልሐምዱሊላህ። ነገ እንገናኝ» አሉ።

ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ሰላም ተባባልን። ለጫልቱ ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ ሳይነጥቁ መጠበቅ ትክክል ነው፣ እኔ እዚህ የምሠራውን እሳቸው በየማለዳው ይሠሩልዎታል አለች። ትንበያዋን ግን አልቀየረችም።

ወደዚህ አዳራሽ የገባሁትም በዚያው ሰሞን ነው፤ ከካፌው ተነስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የዚያን ቀን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መድረክ ላይ አወጣችሁኝና እጅህን አንሳ ተባልኩ። አነሳሁ። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ ወጣ። ጭብጨባው፣ እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ማይኩም ተሰጠኝ። እኔም «ይህ ትከሻዬ ነው» አልኩ። «ትከሻዬ እንደሚመለስ ፊዚዮቴራፒስቷ አስቀድማ ነግራኛለች። የጣቶቼ ነገር ገና ነው።»

እልልታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ። አስቴር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎተተች። ልበጠብጣችሁ አልነበረም። እግዚአብሔር ትከሻ ከሰጠኝ ስለ ትከሻ ላመስግነው፤ ያልሰጠኝን ሰጠኝ ብዬ ብመሰክር የሰጠኝን አሳንስበታለሁ። ማይኩ ግን ከዚያ ወዲህ ከእኔ ራቀ።

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲጀመር አንድ ማለዳ እንደ ወትሮው አጥሩ ጋ ተያያዝን፣ ተሳሳምን። አባ ቢያም ለመቆም ተመቻችተው ክርናቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። «ዛሬ ስለ ምን ላውራህ?» ብለው ሳይጨርሱ እጄ ተከፈተ። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። እጃቸው መዳፌ ላይ ማንም ሳይዛት ተቀምጣለች።

«እንግዲህ ወሬዬን ሳልጀምር አባረርከኝ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የእኔም።

ጫልቱ ዘንድ ስሄድ በመጀመሪያው ቀን ያለችኝን ቃል አለችኝ። «ጣቶችዎን ይዘርጉልኝ።» ተዘረጉ፤ እየተንቀጠቀጡ፣ ሌባ ጣቴ ቀድማ፣ ትንሿ ዘግይታ። እንደገና አስደረገችኝ። ከዚያ ተነስታ ቆመች።

«ይከፈታሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር» አለች። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሽ ጌታቸው።» ሲሳሳት ፊቱ እንደዚያ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።

«መጻፉስ?» አልኳት።

«ስለ መጻፉ አልተሳሳትኩም።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። ጋዜጣ ላይ የጠየቅኩትን ምስክርነት ይኸው እየሰጠሁ ነው። ቀኝ እጄ ብርጭቆ ይይዛል፣ ካልሞላ። የሱቄን በር ይገፋል። ግራዬ ስትጽፍ ወረቀቱን ተጭኖ ያግዛታል። ቁልፍ አይቆልፍም፣ ብዕር አይይዝም፣ ብርድ ሲሆን ይኮማተራል። ይህ ድኗል፣ ይህ ደግሞ አልዳነም፣ እኔ ግን እዚህ አለሁ። ልምምዱ ነው፣ የሽማግሌው ትዕግሥት ነው፣ ወይስ ተአምር ነው ብትሉኝ መለየት አልችልም። ድሮ ቢሆን ለመለየት መጣጥፍ እጽፍበት ነበር። ዛሬ ሦስቱንም የሰጠኝ አንድ ነው ብዬ አመሰግነዋለሁ።

ከመካከላችሁ የማይከፈት ነገር ይዞ ኪሱ ውስጥ የደበቀ ሰው ይኖራል። ጌታ ይከፍትልሃል ብዬ ቃል አልገባለትም፤ ያ በእኔ እጅ አይደለም፣ የእኔን እጅ ደግሞ አይታችኋል። የማውቀውን ግን ልንገረው። ስታቀርብለት አይጠየፍህም፣ አይነጥቅህም፣ እውነቱንም ነግሮህ ጥሎህ አይሄድም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተጠራጥሬአለሁ፤ ይህን ከእንግዲህ አልጠራጠርም። አውጥተህ ስጠው። እመነው።

ስትወጡ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰላም በሉኝ፤ ግራዬን ግን አትፈልጉ። ቀኜን እሰጣችኋለሁ፣ ትንሽ ይጠብቅባችኋል። አትጎትቱ። ቁሙና ስለ ዝናቡም ቢሆን አውሩኝ። ይከፈታል።